ማስተሩ ስንቱን ይደብቅ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የገቡት ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ነገር ላይ፣ ሮል ፕሌይ ጨዋታ ላይ ሚስጥር መደበቅ ላይ፣ ስለሚሽከረከሩ አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፣ ሮል ፕሌይ ማለት ጠረጴዛ ከበው ቁጭ ብለው በወሬ የሚጫወቱት ጌም ነው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካራክተር ይይዝና እንዲህ አደርጋለሁ እንዲያ እላለሁ ይላል፣ አንዱ ደሞ ጌም ማስተር ሆኖ ጠላቱንም ገበያተኛውንም ዝናቡንም እሱ ይጫወታል፣ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። በጣም የታወቀው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በፈረንጆቹ 1974 ያወጡት። ማስተሩ ከታሪኩ ጀርባ ያለውን ያውቃል፣ ሌሎቹ አያውቁም፣ ጣጣው ሁሉ እዚች ጋ ነው።

«ጋሼ ሰላም ነው? ደሴ ሆጤ ነው ምኖረው። ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት እንጫወታለን፣ አምስት ተጫዋች አለኝ፣ ማስተሩ እኔ ነኝ። ታሪኩን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ የድሮ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው፣ ከባቲ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደሴ ሲወጡ ሐረጎ ላይ ጉም ውስጥ ሽፍታ ይጠብቃቸዋል። ተጫዋቾቹን ለጥበቃ የቀጠራቸው አንድ ደግ ሽማግሌ ነጋድራስ ነው፣ እና ሚስጥሩ ምንድነው ለሽፍቶቹ መንገድ የሚጠቁመው ራሱ ሽማግሌው ነው!! እስካሁን ማንም አልጠረጠረም። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር ግን ባለፈው አንዱ ልጅ ‹ቆይ እኛ ግን እዚ ምን እየሰራን ነው?› አለ፣ ሌላዋ ስልኳን ነው ምትነካካው፣ ሽፍታ ይመጣል እንዋጋለን፣ ሽፍታ ይመጣል እንዋጋለን ሆነ በቃ። ብነግራቸው ታሪኩ ሊበላሽ ነው ካልነገርኳቸው ሊበተኑብኝ ነው። ስንቱን ልንገራቸው? ፍንጭ አልሰጠሁም እንዳትለኝ፣ አንዴ ሽማግሌው ሲያወራ ድምጹ ቀየር አለ ብያቸዋለሁ።»
የጨው ነጋዴው፣ ከሆጤ

የጨው ነጋዴው ወንድሜ፣ ታሪክህ ሸጋ ነው፣ ከልቤ ነው የምልህ። ችግሩ እስካሁን ታሪኩን ያወቅነው አንተና እኔ ብቻ መሆናችን ነው። እነሱ ያዩት ሽፍታ ነው፣ ሌላ ሽፍታ ነው፣ ከዛ ደሞ ሽፍታ። ነጋድራሱ ከሃዲ መሆኑ ደብተርህ ላይ ነው ያለው፣ ጠረጴዛው ላይ የለም፣ ስለዚህ ልጁ ምን እየሰራን ነው ማለቱ ሰልችቶት ወይ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ የሚያየውን ነው የተናገረው።

አንተ ሚስጥር ብለህ አንድ ላይ የቋጠርከው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው መልሱ ነው፣ ማለትም ጠቋሚው ሽማግሌው ነው የሚለው። ሁለተኛው ደሞ ጥያቄው ነው፣ ከውስጣችን አንድ ሰው እየጠቆመ ነው፣ ማነው? የሚለው። መልሱን መደበቅህ ልክ ነው፣ እስከፈለግክ ድረስ ደብቀው። ግን ጥያቄውንም አብረህ ቀበርከው እኮ! ተጫዋች መልሱን ሳያውቅ ወራት ይጫወታል፣ እንዲያውም እሱ ነው የሚያመጣው፣ የሚጠይቀው ነገር ከሌለው ግን በሁለተኛው ቅዳሜ ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ስንቱን ልንገራቸው ላልከኝ መልሴ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ ንገራቸው ነው፣ ሳታድበሰብስ፣ ጮክ ብለህ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ የቆሰለ ሽፍታ ይያዝና ‹ዛሬ በዚህ በኩል እንደምታልፉ ከትናንት ወዲያ ነው የተነገረን› ይበል። አለቀ። ከዛች ደቂቃ ጀምሮ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ማን ያውቅ ነበር፣ ማን ባቲ ላይ ተለይቶን ጠፋ፣ ያ በቅሎ ነጂ ልጅ ለምን ዘገየ፣ ስልኳን የምትነካካዋ ራሷ ቀና ትላለች።

አሁን ወደ ፍንጭህ ልምጣ፣ የሽማግሌው ድምጽ ቀየር ማለት። ወንድሜ እሱ ላንተ ነጋሪት ነው ምክንያቱም መልሱን ታውቃለህ፣ ለነሱ ግን ቆሎ እየቆረጠሙ ከሰሟት መቶ ዓረፍተ ነገር አንዷ ናት። ጀስቲን አሌክሳንደር የሚባል የጨዋታ ጸሐፊ በፈረንጆቹ 2008 የሦስት ፍንጭ ደንብ ብሎ የጻፈው ነገር አለ፣ ተጫዋቾች እንዲደርሱበት ለምትፈልገው ለእያንዳንዱ ድምዳሜ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ አስቀምጥ ነው የሚለው፣ ለምን ቢባል አንዱን አያዩትም፣ አንዱን ይንቁታል፣ አንዱን ደሞ ገልብጠው ይረዱታል፣ እንደምንም ግን ይደርሳሉ። ሦስት ሲባል ለሙሉ ታሪኩ ሦስት አይደለም ልብ በል፣ ለእያንዳንዱ ድምዳሜ ነው። ላንተ ታሪክ እንዲህ ማለት ነው፦ የተዘረፈው አሞሌ ላይ የነበረች ጭረት ከሽማግሌው የራሱ ክምር ውስጥ ትገኝ፣ በቅሎ ነጂው ልጅ የሽማግሌው በቅሎ ማታ ሳትጫን ወጥታ ሌሊት ላይ አልቧት ተመለሰች ይበል፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ደሞ ቡና የምታፈላው ሴትዮ ‹እሱማ እዳውን በሙሉ በማርትሬዛ ከፈለ፣ ከየት አመጣው?› ብላ ትደነቅ። ሦስቱም በተለያየ ቦታ ናቸው፣ በተለያየ ሰው አፍ ናቸው፣ አንዱ ቢያመልጣቸው አንዱ ይጠብቃቸዋል።

ሌላው ደሞ ፍንጭን ዳይስ ስር አትደብቅ። ልጁ የሽማግሌውን ክምር እፈትሻለሁ ካለ ያቺን ጭረት ያግኛት፣ ዳይሱ ዝቅ ብሎ 3 መጣ ተብሎ ታሪኩ በሙሉ መቆም የለበትም። ሮቢን ሎስ የሚባል ዲዛይነር በፈረንጆቹ 2007 ጋምሹ የሚባል የጨዋታ ሲስተም ያወጣው ለዚሁ ነው፣ ካራክተሩ ትክክለኛው ቦታ ላይ ከሆነና ችሎታው ካለው ዋናውን ፍንጭ ያለ ዳይስ ያገኛል፣ የምርመራ ታሪክ ደስ የሚለው ፍንጩን በማግኘት ሳይሆን ምን ማለት እንደሆነ በማሰብ ነው ብሎ። ዳይስ መጣል ከፈለግክ ሲፈትሽ ታየ ወይስ አልታየም ለሚለው ጣል።

‹ሽማግሌው ይዋሻል እንዴ?› ብለው ባለ ሃያ ፊቱን ዳይስ ጥለው 20፣ ትልቁ ቁጥር፣ ቢመጣላቸውስ? እዚህ ጋ ብዙ ማስተር ይደነግጣል። አዎ ይዋሻል ብለህ መልሱን አትስጥ፣ የሚያዩትን ስጣቸው፣ ‹ስለዛች ሌሊት ስትጠይቁት ዓይኑን ወደ በቅሎዎቹ አዞረ፣ ስለሌላው ሁሉ ግን ፊት ለፊት ነው የሚያያችሁ› በል። ዳይሱ ዝቅ ካለ ደሞ በጭራሽ እውነቱን ነው እንዳትል፣ ምን እንደሚያስብ መለየት አልቻልክም በልና እለፍ። ማስተር በራሱ አፍ የተናገረው ነገር ውሸት ከሆነ ከዛ በኋላ የምትለውን ዝናብ እንኳን አያምኑህም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ተጫዋቾችህ የሲራራ ነጋዴ ጠባቂዎች ናቸው አይደል? ነጋድራስ ማለት የነጋዴ አለቃ ነው፣ በዘመኑ ገበያውንና ቀረጡን የሚቆጣጠር፣ ማን ምን ጭኖ በየት እንደሚያልፍ ከማንም በፊት የሚያውቅ ሰው። ይሄን የዛ ዘመን የሲራራ ሰው እንደ እናቱ ስም ያውቀዋል። ሆጤ ሶፋ ላይ የተቀመጠው ጓደኛህ ግን ላያውቀው ይችላል፣ ለሱ ነጋድራስ ማለት የተከበረ ሽማግሌ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። እና እንዴት ይጠርጥር? ካራክተሩ ማወቅ ያለበትን ነገር ሁሉ፣ የባቲ መንገድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ሽፍታ ብዙ ጊዜ የት እንደሚያደፍጥ፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ፣ ሳይጠይቁህ ንገራቸው። እሱ ሚስጥር አይደለም፣ የአገር ወሬ ነው። ብዙ ማስተር ሳያስበው የሚደብቀው ይሄንን ነው፣ ከዛ ተጫዋቾቼ ፈዘዙ ይላል።

ቶሎ ቢደርሱበትስ ብለህ አትፍራ። ቢደርሱበት እንዳትቀይረው ብቻ፣ ነቁብኝ ብሎ ከሃዲውን ወደ በቅሎ ነጂው ማዞር ነውር ነው፣ አስበው ያገኙትን ነው የምትነጥቃቸው። ከሃዲውን አወቁት እንበል፣ ደሞዛቸው በሱ እጅ ነው፣ መንገዱ ገና ግማሽ ነው፣ ጉም ነው፣ ምን ያደርጋሉ? እኔን ብትጠይቀኝ ከዛ በኋላ ያለው ቅዳሜ ካለፉት ሁሉ ይበልጣል።

«ሰላም ጋሽዬ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ ፋብሪካ ነው ምሰራው በሺፍት፣ ግሩፓችን ሚገናኘው ሁላችንም እረፍት የሆንን ቀን ነው እሱም በመከራ። ማስተራችን ጎበዝ ነው አልዋሽም ግን አመል አለው፣ ጨዋታ መሀል ለአንዱ በቴሌግራም በግል ሚስጥር ይጽፍለታል፣ እኛ ቁጭ ብለን ሁለቱ ስልካቸው ላይ ሲሳሳቁ እናያለን፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ምንድነው ስንለው ‹የናንተ ካራክተር አያውቅም› ነው መልሱ። ቅር ማለቴ ልክ ነው ወይስ ጨዋታው እንዲ ነው? ቅናት እንዳይመስልብኝም ፈራሁ።»
ሺፍተኛዋ

እህቴ ቅር ማለትሽ ልክ ነው፣ ቅናትም አይደለም። ካራክተርሽ አያውቅም ማለትና አንቺ አታውቂም ማለት የተለያየ ነገር ነው፣ ማስተራችሁ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። አንቺ እያወቅሽ ካራክተርሽ የማያውቅበት ጨዋታ እኮ የሚጥም ነገር ነው። እንበል ጓደኛሽ የያዘው ካራክተር ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ሁላችሁም ጠረጴዛው ላይ ታውቃላችሁ፣ ካራክተሮቻችሁ ግን አያውቁም። ከዛ እሱ በጨዋ ድምጽ ‹ዛሬ ማታ እናንተ ተኙ፣ እኔ እጠብቃለሁ› ሲል ቤቱ በሳቅም በጩኸትም ነው የሚናወጠው፣ አንቺም እያወቅሽ ‹እግዜር ይስጥህ› ብለሽ ትተኛለሽ። በቴሌግራም ቢሆን ይሄ ሁሉ ቀርቶ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ‹እንዴ!› ትያለሽ፣ በቃ።

እርግጥ ከሌላው መደበቅ ራሱ ጨዋታው የሆነበት አለ። ማፊያን ታውቂው ይሆናል፣ ዓይን ጨፍኑ ተብሎ ማታ አንዱ የሚገደልበት፣ ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1986 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው። እሱ ላይ ሚስጥሩን ብትናገሪ ጨዋታ የለም። ከሮል ፕሌይም ደሞ በፈረንጆቹ 1984 የወጣ ፓራኖያ የሚባል አለ፣ ሁሉም ተጫዋች በሌላው ላይ ሚስጥር ይዞ ነው የሚጀምረው፣ ተጫዋቹ ደንቡን ማወቁ ራሱ እንደ ክህደት ይቆጠርበታል፣ በጣም ያስቃል። እዛ ላይ ግን ሁሉም ሰው ለዛ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ የመጣበትን ያውቃል። እናንተ ያንን ተስማምታችኋል? ካልተስማማችሁ ማስተራችሁ ብቻውን የወሰነው ነገር ነው።

ሰው ፊት እንዳትናገሪው ብቻ፣ እልህ ይገባል። ከጨዋታ ቀን በፊት ለብቻው አግኝተሽው ‹እኔ የምመጣው የሌላውንም ሰው ጨዋታ ለማየት ነው፣ በግል የሚጻፈው ቢያጥር ደስ ይለኛል› በይው። ከአንድ መስመር ያልበለጠ መልእክት ምንም አይደለም፣ ‹ሰውየው ያንተን ቀለበት አየና ደነገጠ› ዓይነት፣ ያውም በዛው ቀን እዛው ጠረጴዛ ላይ የሚፈነዳ ከሆነ። ግማሽ ሰዓት ግን ያንቺን የእረፍት ቀን መብላት ነው፣ እሱን ስታወሪው ጋሼ ነው ያለው በይ ከፈለግሽ።

«ካምፔይናችን (ለብዙ ጊዜ ስንጫወተው የነበረው ረጅም ታሪክ) አለቀ። ተጫዋቾቼ ያላገኟቸው ብዙ ሚስጥሮች ቀሩ። አሁን ልንገራቸው ወይስ እንደተደበቀ ይቅር?»
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ንገራቸው እንጂ። ልጅ ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት ምን አውቅልህ ብሎ የተጠየቀው ልጅ ሲያቅተው አገር ይሰጣል፣ ጎንደርን ወይ ሐረርን ሰጥቶ ጠያቂው ትንሽ ይሳለቅበታል፣ ከዛ ግን መልሱን ይነግረዋል። አገር ተቀብሎ መልሱን ሳይናገር የሚሄድ ጠያቂ አይቼ አላውቅም። ያንተ ልጆች ስንት ቅዳሜ ሰጥተውሃል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል፦ በዛው ዓለም ሌላ ካምፔይን ልትቀጥል ካሰብክ ገና በሕይወት ያለውን ሚስጥር አቆየው፣ እና ደሞ ቁጭ አድርገህ ሌክቸር አትስጥ፣ እነሱ ይጠይቁህ፣ ያልጠየቁትን ተወው። ‹ግራ ብትዞሩ ኖሮ እኮ…› እያሉ የሚያሳፍሩ ማስተሮች አሉ፣ ከነሱ አትሁን።

«ሰላም፣ ኮምቦልቻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አዲስ ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሰላማዊ ከተማ ነው፣ ሰርግ አለ ገበያ አለ፣ ተጫዋቾቹ ሱቅ ይከፍታሉ ምናምን፣ ከዛ በድንገት ከተማዋ ትወረራለች፣ ሰው ሁሉ ይሰደዳል፣ ሱቃቸው ይዘረፋል። ሳይጠብቁት እንዲመጣባቸው ነው ምፈልገው። አንድ ጓደኛዬ አስቀድመህ ብታሳውቃቸው ይሻላል አለኝ ግን ካወቁትማ ምኑን ሰርፕራይዝ ሆነ? ስፖይለር አይሆንም?»

እዚህ ጋ ጓደኛህ ልክ ነው፣ እኔም ከሱ ጋ ነኝ። ወንድሜ አንተ ያለኸው ኮምቦልቻ ነው። 2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደነበሩ ጠረጴዛህ ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ከአንተ ታሪክ ሳይሆን ከራሱ ያውቀዋል፣ ሱቁ የተዘረፈበት ሊኖር ይችላል፣ በእግሩ የወጣ ሊኖር ይችላል፣ ሰው የቀረበትም። ያንን ሰው ሰርግና ገበያ ነው ብለህ ጠርተህ አስቀምጠህ በድንገት እዛች ቀን ውስጥ ልትከተው አትችልም። ይሄ የታሪክ ሚስጥር አይደለም፣ ሰውየው ለመቀመጥ ወይም ላለመቀመጥ የሚወስንበት መረጃ ነው፣ እሱን የመደበቅ መብት ማስተር የለውም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ሴሽን ዜሮ የሚሉትን አድርግ፣ ማለትም ሳይጫወቱ ተሰብስቦ ምን ዓይነት ታሪክ እንደሆነ መነጋገር። ‹በዚህ ታሪክ ውስጥ ጦርነትና ስደት አለ› በል፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያመጣው፣ ማን እንደሚከዳ አትናገር። ግን በጋራ ብቻ ጠይቀህ እንዳትተወው! እኛ ሰዎች በይሉኝታ ነው የምንኖረው፣ አምስት ሰው መሀል ችግር አለው ወይ ብትል ሁሉም ‹አብሽር ምንም የለውም› ነው የሚልህ። ለየብቻ ጠይቃቸው፣ በቴሌግራም ቢሆንም (ለዚህ ሲሆን ቴሌግራም ጥሩ ነው፣ ሺፍተኛዋ ትፍቀድልኝና)። አንዱ እንኳ ባይሆን ይሻላል ካለህ ታሪኩን ቀይረው፣ ጎርፍ አድርገው፣ ሌላ ነገር አድርገው፣ ማን እንዳለህ ግን ለማንም እንዳትናገር። ጆን ስታቭሮፖሎስ የሚባል ሰው ያስፋፋው ኤክስ ካርድ የሚባል ዘዴም አለ፣ ወረቀት ላይ ኤክስ ጽፈህ ጠረጴዛው መሀል ታስቀምጣለህ፣ ማንም ሰው ከነካት ያ ነገር ይታለፋል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ዋጋው አንድ ወረቀት ነው።

ካወቁት ምኑን ሰርፕራይዝ ላልከው ደሞ፣ በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ቴን ካንድልስ የሚባል ጨዋታ አለ፣ አስር ሻማ በርቶ ጨለማ ውስጥ ነው የሚጫወቱት፣ ሻማው አንድ በአንድ ይጠፋል፣ እና ገና ሳይጀመር ለሁሉም የሚነገረው ነገር መጨረሻ ላይ ሁሉም ካራክተር እንደሚሞት ነው። ሁሉም! አንድ የሚተርፍ የለም። ሆኖም ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚጫወተው፣ እንዴት እንደሚያልቅለትና ማንን አድኖ እንደሚያልፍ ስለማያውቅ። ያንተም ተጫዋቾች ከተማዋ እንደምትወረር እያወቁ ሱቅ ሲከፍቱ ሱቁን ይበልጥ ነው የሚወዱት።

«ዳይስ ከስክሪን (ማስተሩ ደብተሩን ከሚጋርድበት ነገር) ጀርባ ልጣል ወይስ ፊት ለፊት? ስክሪን ደሞ ግድ ነው እንዴ፣ እዚ ከየት ይገዛል?»
ከደሴ፣ ፒያሳ

ውጊያ ከሆነ ፊት ለፊት ጣል፣ ሰው የሚሞትበትን ቁጥር ሁሉም ይየው፣ ያኔ ማስተሩ አዳነኝ ማስተሩ ገደለኝ የሚል ወሬ የለም። ከስክሪን ጀርባ የሚጣለው ቁጥሩ ራሱ ወሬ የሚሆን ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ ከበር ውጪ የቆመ ሰው ሰሙ ወይስ አልሰሙ የሚለው፣ ዳይስ ጣሉ ብትላቸው ራሱ አንድ ነገር እንዳለ ነቁ። ለሱ ደሞ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛው እትም፣ የፈረንጆቹ 2014ቱ፣ ፓሲቭ ፐርሰፕሽን የሚል ነገር አለው፣ 10 ላይ የካራክተሩን የማስተዋል ነጥብ ትደምራለህ፣ ዳይስ አይጣልም፣ ቁጥሩን ቀድመህ ደብተርህ ላይ ጽፈህ ታየዋለህ።

ጊዜ እያለቀባቸው እንደሆነ ግን አትደብቃቸው። ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ የሚባለው ጨዋታ ላይ፣ በፈረንጆቹ 2017 የወጣው፣ ክብ ይሳልና በ4 ወይ በ6 ወይ በ8 ይከፈላል፣ አደጋው በቀረበ ቁጥር አንድ ቁራጭ ይጠቆራል። ወረቀቱን ጠረጴዛ መሀል አድርገው፣ ስሙን ብቻ ጻፍበት፣ ‹ሽፍቶቹ› ብለህ፣ ሲሞላ ምን እንደሚሆን አትጻፍ። ስክሪን አትግዛ፣ የካርቶን ፋይል ሁለት ቦታ አጥፈህ አቁመው፣ በውስጥ በኩል የካራክተሮቹን ስምና ያቺን የፓሲቭ ቁጥር ለጥፍ፣ ቁመቱ ግን ከአንድ ስንዝር አይብለጥ፣ ፊታቸው ካልታየህ መቼ እንደሰለቻቸው አታውቅም።